ልጄን ልመልስ ኮባር የሄድኩ ጊዜ

ሰው ከዓረብ አገር ሲመለስ የሚጠየቀው ምን ይዞ እንደመጣ ነው። እኔ ይዤ ልመጣ የሄድኩት ሽቶም ብርድ ልብስም አልነበረም፤ ልጄን ነበር። የኮምቦልቻ ጎረቤቶቼ ነገሩን ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ፣ ለአንዷ የነገርኩትንም ለሌላዋ ስለምዘለው፣ ከመነሻው ጀምሬ ጻፍኩት። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ፊደሉ ቢሳሳት እለፉኝ፤ ነገሩ አልተሳሳተም።

ሰዓዳ የመጀመሪያ ልጄ ናት። ዳህራን ባለ ዩኒቨርሲቲ ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝታ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ሁለተኛ ዲግሪዋን ልትጨርስ ደርሳ ነበር። እኛ ከተማ አንድ ፋብሪካ የሥራ ቦታ ይዞላታል። አባቷም ክፍሏን ቀለም ቀብቶ አዲስ በር አስገጥሟል። ሁሉም ዝግጁ ሆኖ ሳለ አንድ ቀን ደውላ፣ «እማ፣ ዶክተር ረውዳ ለዶክትሬት ቆዪ እያለችኝ ነው፤ አራት ዓመት» አለችኝ።

ይቺን ዶክተር ረውዳ የምትባል ሴት አላውቃትም። ስሟን ግን ከእህቴ ስም ይበልጥ እሰማው ነበር። ዶክተር እንዲህ አለች፣ ዶክተር ይህን አሳየችኝ፣ ዶክተር ሻይ ያለ ስኳር ነው የምትጠጣው። ስልኩን ዘግቼ ለባሌ፣ «ራሴ ሄጄ አመጣታለሁ» አልኩት። ከዩኒቨርሲቲው አጠገብ ኮባር የምትኖረው የእህቴ የሉባባ ባል ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ስላለው የጉብኝት ቪዛ አስወጣልኝ።

ቅዳሜ

ከቤት ስወጣ እንደ ልማዴ ሶኬቱን ሁሉ ነቀልኩ፤ ፍሪጁን፣ ቴሌቪዥኑን፣ ምጣዱን። እኛ ጋ መብራት ሄዶ ሲመለስ እንደተቆጣ ሰው ነው የሚመለሰው፤ አንድ ቴሌቪዥን አቃጥሎብኛል። ባሌ ከኋላ ከኋላዬ እየተከተለ፣ «እኔ እኮ ቤት ነኝ!» እያለ መልሶ ይሰካል።

ከአዲስ አበባ ወደ ደማም በሚሄደው አውሮፕላን ከጎኔ የተቀመጠችው ከሐርቡ የመጣች ልጅ ነበረች። አል ነኺል በሚባል የደማም ሠፈር፣ በአንድ ቪላ የቤት ሠራተኛ ልትሆን ነው የምትሄደው። ቀበቶውን ማሠር አልቻለችም፤ እኔም አልቻልኩም። ሁለታችንም ሳናሥር ተቀምጠን አስተናጋጇ መጥታ እንደ ሕፃን አሠረችን። ልጅቷ ስታለቅስ ቆሎ ሰጠኋት። እያለቀሰች ቆረጠመች። እናቷ እንዴት እንደለቀቀቻት ልጠይቅ ፈልጌ አፈርኩ።

ደማም ስንደርስ በሩ ሲከፈት የዳቦ ቤት ምድጃ የተከፈተብኝ መሰለኝ። የአዲስ አበባን ብርድ ፈርቼ የለበስኩት ሹራብ ላዬ ላይ ነበር። ሰዓዳ ከሰው መሐል ወጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ከስታለች። እጇን ሳገላብጠው ጣቶቿ ጫፍ ላይ ትንንሽ የተቃጠሉ ነጠብጣቦች አየሁ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ስበይድ ነው እማ፣ ምንም አይደል። ዶክተር ጣቱ ያልተቃጠለ ተማሪ ገና አልጀመረም ትላለች።»

ገና ሻንጣዬ ሳይመጣ ስሟ መጣ።

የእህቴ ባል ሑሴን ነው በመኪናው የወሰደን። የሐረጎን ጠመዝማዛ ለለመደ ሰው የዚያ አገር መንገድ ግራ ያጋባል፤ አንዴ ከተቃና አይታጠፍም። ግራና ቀኙ አሸዋ፣ ፋብሪካ፣ ደግሞ አሸዋ ነው። አንድ ላም እንኳ አላየሁም። «ወተቱ ከየት ነው የሚመጣው?» ብዬ ብጠይቅ ሑሴን፣ «ከሱቅ» አለኝ።

እሑድ

እህቴ የምትኖረው ዐቅረቢያ በሚባል የኮባር ሠፈር ነው። ከታች ጋራዥና ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ ቤት ነው። ሑሴን የሚሠራበት የኤሲ መጠገኛም እዚያው ሥር ነው። ጤፉ መንገደኛ በመጣ ቁጥር በሻንጣ የሚመጣ ስለሆነ ከሩዝ ዱቄት ጋር ይቀላቅሉታል፤ እንጀራው ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ጣዕሙ ግን ከቤቴ እንጀራ ጋር የአክስት ልጅ ነው።

ከሉባባ ጋር አትክልት ልንገዛ ስንወጣ እኔ ኋላ ቀርቼ እንደ ልማዴ ሶኬቶቹን ነቀልኩ። ገበያ ቆይተን፣ ሉባባም ጎረቤት ልትጠይቅ ገብታ፣ ስንመለስ ከዲፕ ፍሪዙ ሥር ውኃ ወርዶ ምንጣፉን አርሶታል። ሥጋው ሁሉ ቀልጧል።

«እቴ ዘይነባ! ይሄ እኮ መብራት የማይጠፋበት አገር ነው!» አለች ሉባባ እጇን አናቷ ላይ ጭና።

ሑሴን ሳቀ። «ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም! ዛሬ ለጎረቤት ሁሉ ካብሳ እንሠራለን በቃ።» እውነትም ያንን ሥጋ በአንድ ትልቅ ድስት ከሩዝ ጋር ሠርተው ለሱዳኑም ለየመኑም ጎረቤት አደሉ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም።

ማታ እራት ላይ ሰዓዳን አየኋት። የሑሴንን የተበላሸ ቻርጀር ስትነካካ አንድ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ፣ በሌላው ብቻ ትሠራለች።

«እጅሽን ምን ነካው?»

«መብራት ያለበት ነገር በአንድ እጅ ብቻ ነው የሚነካው እማ። ሁለት እጅ ከሆነ በልብ በኩል ያልፋል። ዶክተር ናት ያስለመደችን፤ አሁን ሳላስበው ነው የማደርገው።»

እኔ ያንን እጅ ከሶኬት ስመልስ ነው ያሳደግኩት። ካቻቪቴ ስትይዝ እየነጠቅኩ ቆጥ ላይ እሰቅል ነበር። አሁን ሌላ ሴት ያስተማረቻትን ሳታስበው ታደርጋለች። ቀናሁ፤ ምን ልሸሽግ።

ሰኞ

ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ወረቀት አስሞልተው አስገቡኝ። ሕንፃው ውስጥ ያለው ብርድ የደሴን ጥቅምት ያስታውሳል፤ ሹራቤ ያን ቀን ጠቀመኝ። ዶክተር ረውዳን ትልቅ ሴትዮ አድርጌ ነበር የማስባት። አጭር ናት። ከዓባያዋ ሥር የስፖርት ጫማ፣ ግንባሯ ላይ መነጽር። ወላጆቿ ከወሎ ናቸው፤ እሷ ግን እዚያው ኮባር ስላደገች አማርኛዋ የቤት አማርኛ ነው፤ ታላቅና ታናሽ አይለይም።

«እንኳን ደህና መጣሽ የሰዓዳ እናት! አህለን! ስንት ጊዜ ነው ስምሽን የሰማሁት!»

የሰዓዳ እናት መባሌ ደስ አሰኘኝ፣ አንቺ መባሌ ግን አልተዋጠልኝም።

ሲያስተምሩ ዝም ብለው የሚናገሩ መምህራንን ነው እኔ የማውቀው። እሷ ምንም አልተናገረችም። ለእያንዳንዷ ልጅ መዳፍ የሚያክል፣ ሽቦና ጥቃቅን ዕቃ የተበየደበት ሰሌዳ ሰጠችና፣ «ሁሉንም እኔ ራሴ አበላሽቼዋለሁ። የት እንደሆነ ፈልጉ» አለች። ሰዓዳ ነች በጆሮዬ የምትተረጉምልኝ። ልጆቹ በጣታቸው መንገዱን እየተከተሉ፣ መብራቱ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ጮክ ብለው ይናገራሉ። አንዷ ልጅ አልሆንላት ብሎ ዓይኗ እንባ ሞላ። ዶክተሯ ወንበር ስባ ከፊቷ ተቀመጠች፤ እጆቿን አጣጥፋ ዝም አለች። ሰዓዳ ጠጋ ስትል፣ «አትንገሪያት» አለቻት።

ጨካኝ ናት አልኩ በልቤ። እኔ ልጅ እያለቀሰ እጄን አጣጥፌ ተቀምጬ አላውቅም።

ኋላ ልጅቷ አገኘችው። ትንሿ አምፖል ስትበራ ክፍሉ ሁሉ አጨበጨበ። ዶክተሯ አላጨበጨበችም። «የት ነበር?» ብላ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስነገረቻት።

ከዚያ ሰዓዳ የራሷን ሥራ አሳየችኝ። ከፀሐይ የሚመጣውን ኃይል ለትንሽ የመድኃኒት ማቀዝቀዣ የሚመጥን ሰሌዳ ነው፤ መብራት ለሌላቸው ጤና ጣቢያዎች። በመስታወት ሣጥን ውስጥ ትኩስ አየር እየነፋበት፣ ሙቀትን ሳይቋረጥ ችሎ ይቆይ እንደሆነ ይፈተናል። ሐሙስ ፈተናውን ሲጨርስ ሰዓዳም ሥራዋን አስረክባ ትመረቃለች። ሥራ የያዘላት ፋብሪካ የሚፈልገው ይህንን ዲግሪ ነው።

ከጎኑ ባለ ሌላ ሰሌዳ ላይ አንዲት ቀጭን ሽቦ ስትበይድ እጇ ተንቀጠቀጠ። ዶክተሯ መጥታ የእጇን አንጓ ያዘችላት። «ተንፍሺ። አሁን» አለቻት። ልጄ ተነፈሰች። ሽቦው ተጣበቀ። ያንን አንጓ ሳየው ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

የዙሁር ሰዓት ሲደርስ ሁሉም ለሶላት ወጡ። እኔ ውዱእ አድርጌ ሻርፔን ልወስድ ስመለስ በክፍሉ ሰው የለም። አምፖሉ ይበራል፣ ነፋሱ ይነፋል፣ ሁሉ ነገር ይሞቃል። ሰው የሌለበት ቤት እንዲህ ተትቶ ይወጣል? በመጨረሻ የምወጣው እኔ ስለሆንኩ እንደ ጥንቁቅ እንግዳ ቢስሚላህ ብዬ ሁሉንም ስፒና ነቀልኩ። ከዚያ ሄጄ ሰገድኩ።

ስንመለስ ሰዓዳ መስታወቱ ፊት ጎንበስ ብላ የተነቀለውን ስፒና አነሣች።

«ማን ነቀለው?»

«እኔ ነኝ። ሁላችሁም ስትወጡ፣ እሳት እንዳይነሳ ብዬ…»

ልጆቹ ፈገግ አሉ። ዶክተሯ እኔን አላየችም። ሰዓዳን ነው ያየችው።

«ስፒናው ላይ ምን ተጽፏል?»

«ምንም።»

«እንዳይነቀል ብሎ መጻፍ የነበረበት ማነው?»

«እኔ።»

«ኸላስ፣ በቃ። እንደገና ጀምሪ።»

ደሜ ፈላ። «ልጄን ለምን ትቆጫታለሽ? ያጠፋሁት እኔ ነኝ!»

«አንቺ እንግዳ ነሽ» አለችኝ፤ ድምጿም አልከበደ። «እንግዳ አያጠፋም። ማንም ሰው መጥቶ ሊነቅለው እንደሚችል ማሰብ የሠሪው ሥራ ነው።»

«እማ፣ ተዪ። ልክ ናት» አለች ሰዓዳ።

እንግዳ። ልጄ ባለችበት ቦታ እኔ እንግዳ ነኝ። ከስድብ ሁሉ ይህ ባሰኝ።

ማክሰኞና ረቡዕ

ሁለቱን ቀን ከቤት አልወጣሁም። ሰዓዳ ሰሌዳዋን ከመጀመሪያ አስጀምራ በጠዋት ትሄዳለች፣ ደክሟት ትመጣለች። አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። የመመረቂያዋ ሥራ ዘገየ፤ እኔ በምመለስበት አውሮፕላን አብራኝ እንደማትመጣ ያን ጊዜ ታወቀ። የቀረው ጥያቄ አንድ ነበር፤ ጨርሳ ትከተለኛለች፣ ወይስ አራቱን ዓመት ትቆያለች።

ሉባባ ሽንኩርት እየላጠች አየችኝና፣ «ቅናት ሶኬት ይነቅላል ሲባል ግን ሰምቼ አላውቅም» አለችኝ።

«ወላሂ ሆን ብዬ አይደለም!»

«አውቃለሁ እቴ። አንቺ የኔንም ሥጋ ነቅለሻል፤ በኔ አልቀናሽም።»

ሳቅኩ። ከመጣሁ ወዲህ ከልቤ የሳቅኩት ያን ጊዜ ይመስለኛል።

ዓርብ

ወንዶቹ ከጁምዓ ሲመለሱ ሑሴን ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ መጣ። አንደኛው የዶክተሯ አባት ጋሽ ይማም ናቸው። ኮባር በሹፌርነት ያረጁ፣ ነጭ ጀለብያ ላይ የወሎ ጋቢ የደረቡ፤ በዚያ ሙቀት! ሑሴን ቁጭ በሉ ሲላቸው፣ «ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ።

ማብሰያ ቤት ሆኜ የሉባባን እጅ ያዝኩ። እንዲህ የሚቆም ሽማግሌ ለምን እንደሚቆም ማን ያጣዋል?

«ሉባባ! ሰዓዳን ሊጠይቁ ነው! ለማን ነው?»

«የዶክተሯ ልጆች እኮ ገና ጢም አላበቀሉም!»

«ታዲያ ለራሳቸው ለአዛውንቱ ይሆን?»

ሉባባ ሳቋን ለማፈን ሻርፕዋን ነከሰች። ሰዓዳ ከአጠገባችን፣ «ያ አላህ፣ እማ፣ ዝም በይ!» ትላለች። ስሟ ሲጠራ ሰምታ ፊቷ ቀልቷል።

ጋሽ ይማም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጅ ልንጠይቅ ነው የመጣነው። ለትዳር አይደለም፤ ለትምህርት ነው። ልጄ ረውዳ እዚህ አድጋ ወጋችንን አታውቅም፤ ለእናትየው ደብዳቤ ልጻፍ ወይ አለችኝ። የሰው ልጅ በደብዳቤ አይጠየቅም አልኳት። እናቷ ባሕር ተሻግራ መጥታ ሳለች ሽማግሌ ይላካል። አራት ዓመት ነው። ልጃችሁን ስጡን።»

ልጄ ትልቅ ሰው ናት፤ ያለ እኔ ፈርማ መቆየት ትችል ነበር። ማንም እኔን የመጠየቅ ግዴታ አልነበረበትም። ሻርፔን አስተካክዬ ወጣሁና እንደ ወጉ መለስኩ። «ሰምተናል። ዘመድ ሳይመክርበት መልስ አይሰጥም። ነገ ተመለሱ።»

ያቺን ነገ የምትል ቃል ስናገር እንዴት እንደጣፈጠኝ! ዶክተሯ አንድ ሌሊት ትጨነቅ አልኩ።

ለባሌ ደወልኩ። «አንቺ እዚያ አለሽ፤ አይተሻል። እኔ ያየሁት የክፍሏን ቀለም ብቻ ነው» አለኝ። አሥር ሰዓት ግድም ሰዓዳን ይዤ ባሕሩ ዳር ሄድኩ። የእኛ ቦርከና ክረምት ሲሞላ ያስፈራል፤ ይህ ባሕር ያን ሁሉ ውኃ ይዞ ሣር ላይ እንደተኛ ከብት ዝም ይላል። ቤተሰቡ ሁሉ ምንጣፍ አንጥፎ፣ ፔርሙዝ ይዞ ተቀምጧል። እኛም ተቀመጥን።

«ምን ትፈልጊያለሽ?» አልኳት።

«ነይ ካልሽኝ እመጣለሁ። ወላሂ እመጣለሁ።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም።»

«እማ፣ አንቺ ጥፋቴን ከኔ ቀድመሽ ነው የምታገኚው። ገና ሳልወድቅ ትይዢኛለሽ። እሷ ራሴ እስካገኘው ድረስ ትጠብቀኛለች። እዚያ ክፍል ውስጥ የጠፋውን ነገር ሳገኘው… እኔ ነኝ ያገኘሁት።»

ልመልስላት የፈለግኩት ብዙ ነበር። ልጅ ሲወድቅ ማየት ቀላል የሚሆነው ላልወለደ ነው ልላት ነበር። ግን ሴትዮዋ ሁለት ወልዳለች። ሻዩን ቀዳሁላት። ስኳሩን ላቀብላት ስል አይሆንም አለችኝ፤ አስቀመጥኩት።

ቅዳሜ

ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ ዶክተር ረውዳም አብራ መጣች። ጠያቂዋ ራሷ አብራ መምጣቷ ከወግ ውጭ ነው፤ ሉባባ በክንዷ ጎሸመችኝ። ሴትዮዋ እንደ ተማሪ በሩ አጠገብ ቆማ፣ ጣቶቿን ታፍተለትላለች። የእሷም ጣቶች ጫፋቸው የተቃጠለ ነው።

«ምን ወሰናችሁ?» አሉ ጋሽ ይማም።

ተነሥቼ ስቆም የወሰንኩትን ሁሉ ረሳሁት። «በየዓመቱ ለዓረፋ አገሯ ትምጣ» አልኩ።

«ትመጣለች» አለች ዶክተሯ ቶሎ ብላ። «ኢንሻአላህ። እኔ ራሴ ፈቃድ እፈርማለሁ።»

«ስትታመም ለኔ ይደወል። ከሐኪሙ በፊት።»

«ይደወላል።»

ከዚያ ወደ እኔ ቀረበች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «እንደ ልጄ ነው የምጠብቃት። ወላሂ፣ እንደ ልጄ።»

«አይሆንም!» አልኩ።

ሁሉም ደነገጡ። ጋሽ ይማም ምርኩዛቸውን ጨበጡ።

«እንደ ልጅሽ አልሰጥሽም። እናት አላት። ልጅነቷ የኔ ነው፤ ተከፍሎ የሚሰጥ አይደለም። እንደ ተማሪሽ ያዣት። ስታጠፋ እንደ ተማሪ እንደገና አስጀምሪያት። ስታለቅስም እጅሽን አጣጥፈሽ ተቀመጪ፤ ሳይሽ ባልወደውም። እንደዚያ ከሆነ ሰጥቻለሁ።»

ዶክተሯ እንባዋን በጣቷ ጠረገች። «እሺ» አለች። «እንደ ተማሪዬ።» ደግማም፣ ሰኞ ዕለት አንቺ ስትለኝ የዋለችው ሴት፣ «እሺ እትዬ» አለችኝ።

ሽማግሌዎቹ ያን ጊዜ ተቀመጡ። ጋሽ ይማም ዱዓ አደረጉ። ሰዓዳ ከማብሰያ ቤት ወጥታ ጉልበቴን ስማ እዚያው ምንጣፉ ላይ ቀረች። ካብሳ ቀረበ፣ ነጩ እንጀራም ቀረበ። እኔ ብዙ አልበላሁም።

እሑድ

ሑሴንና ሰዓዳ ወደ ደማም አውሮፕላን ማረፊያ ሸኙኝ። ሑሴን መኪናውን ሊያቆም ሄዶ እኔና እሷ ሻንጣ የሚያስረክቡ ሰዎች መሐል ተሰለፍን። በረጅሙ ሰልፍ ቀስ እያልን ስንሄድ ስልኳ ጮኸ። አየችውና ወደ ኪሷ መለሰችው። ደግሞ ጮኸ።

«ማን ናት?»

«ዶክተር ናት። ሰሌዳው ከሚገባው በላይ ሞቋል መሰለኝ፣ ለሁለታችንም መልእክት ይልካል።»

«ታዲያ አንሺው።»

«እማ፣ አንቺ ሳትገቢ አልሄድም። ሰሌዳው ይቃጠል።»

ይቃጠል ማለቷን ወደድኩት። እዚያው ሰልፉ ላይ ይዣት ብቆይ እንዴት በወደድኩ! ከዚያ የተናገርኩት ቃል ትዝ አለኝ፤ ሽማግሌ ፊት የተሰጠ ነገር ሰልፍ ላይ አይመለስም።

«ተማሪ አይደለሽም? ሂጂ» አልኳት። «ሻንጣውን እኔ እገፋለሁ።»

ሁለቱንም ጉንጬን፣ ግንባሬን፣ እጄን ሳመች። ከዚያ በሰው መሐል ሮጠች። በርምጃ አይደለም፤ ሮጠች፤ ዓባያዋን ሰብስባ። ስትሮጥ ዞር እንድትል ጠበቅኩ። አልዞረችም። ደግ አደረገች፤ ዞር ብትል ኖሮ፣ ነይ ብዬ እጠራት ነበር።